መንገድ ሲመጣ በር ያንኳኳ

"ኮሪደር" የምትባለው የባዕድ ቃል ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከአዲስ አበቤው አፍ ወጥታ አታውቅም። በካፌው ኮሪደር፣ በታክሲው ኮሪደር፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ኮሪደር! የመንገድ ሰዎች ግን ቃሏን ከእኛ ቀድመው ያውቋታል። አገርን ከአገር፣ ከተማን ከወደብ የሚያገናኝ ረጅም አውራ ጎዳና ሲያቅዱ "የትራንስፖርት ኮሪደር"፣ "የኢኮኖሚ ኮሪደር" ይሉታል።

እኔን ያሳሰበኝ ቃሏ ባዕድ መሆኗ አይደለም፤ ፍቺዋ ነው። ኮሪደር ማለት በአንድ ቤት ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል የሚተላለፉበት ጠባብ መተላለፊያ ነው። ማንም አልጋ አይዘረጋበትም፤ ማንም ጉልቻ አይጎልትበትም። እዚያ የተቀመጠ ሰው ካለ "እባክህ ተነሥ፣ መተላለፊያ ዘጋህብን" ይባላል። እንግዲህ ሰው ተወልዶ፣ ወልዶና ሙታኑን ቀብሮ የኖረበትን አገር "ኮሪደር" ብለን ስንሰይመው፣ መንገዱ ገና ሳይሣል ነዋሪውን መተላለፊያ ዘጊ አድርገን ፈርደንበታል ማለት ነው። "የልማት ተነሺ" የሚለውም አጠራር የዚህ ታናሽ ወንድም ነው። "ተነሺ"! ሰውዬው ከወንበር የሚነሣ ነው የሚመስለው።

ይህን ያነበበ ሰው "ደግሞ አንድ የልማት ጠላት መጣ" እንዳይለኝ አስቀድሜ ልናገር። መንገድ አይሠራ የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በአሮጌው መንገድ የተጓዘ ሁሉ የሚያውቀውን አውቃለሁ። ከባድ መኪናው፣ አይሱዙው፣ ባጃጁ፣ የአህያ ጋሪው፣ ከብቱና ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃን ሁሉ በአንዲት ጠባብ አስፋልት ላይ ሲጋፉ፣ ምሽት ላይ ደግሞ ያለ መብራት የቆመ መኪና ድንገት ከፊት ሲደቀን፣ ስንቱን ወገን እንደቀጠፈ የማያውቅ የለም። ወደብ አልባ መሆናችንና የወጪና ገቢ ዕቃችን አብዛኛው በጅቡቲ በኩል የሚመላለስ መሆኑም የተሰወረ አይደለም። ወደ ደቡብ ሌላ በር መክፈት የሚጠላ ነገር አይደለም።

ነገሩ የቆየ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 እዚሁ አዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አህጉሪቱን በአውራ ጎዳናዎች የማስተሳሰር ሐሳብ ማራመድ ጀመረ። ከዚህ ሐሳብ ከተወለዱት መሥመሮች አንዱ ከካይሮ ተነሥቶ ኬፕታውን የሚደርሰው፣ ርዝመቱ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ነው። ይህ መሥመር ከሱዳን ገብቶ በጎንደር፣ በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባና በሐዋሳ አድርጎ በሞያሌ ወደ ኬንያ ይወጣል። በየካቲት 2004 ዓ.ም. ደግሞ የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች ላሙ ላይ ተገናኝተው "ላፕሴት" የተባለውን የወደብ፣ የመንገድና የባቡር ዕቅድ በይፋ አስጀመሩ። ከዚያ ዕቅድ አንዱ ክንድ ከላሙ በኢሲዮሎና በሞያሌ አድርጎ ወደ እኛ የሚመጣ ነው።

በእኛ በኩል በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ አለ። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚዘልቀው፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ ደግሞ አራት ቦታ ተከፍሎ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ የዓለም ባንክ፣ ኮሪያና ቻይና በየድርሻቸው ገንዘብ ያበደሩለት ነው። ከሐዋሳ በኋላስ? ካርታው ላይ ወፍራሙ መሥመር አይቆምም፤ በዲላ፣ በይርጋ ጨፌና በያቤሎ አድርጎ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሞያሌ ይገባል። በዚያ አቅጣጫ ዛሬ አስፋልት አለ። የፍጥነት መንገዱ ግን አንድ ቀን ሐዋሳን አልፎ ልሂድ ማለቱ አይቀርም። ይህን ለመተንበይ ነቢይ መሆን አያሻም፤ ካርታውን ማየት ይበቃል። ችካሉ ገና ያልተተከለ በመሆኑም መነጋገር የሚገባን ዛሬ ነው። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" እንዲሉ፣ ድስቱ ከተጣደ በኋላ የሚመጣ ምክር ለማንም አይበጅም።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንለይ። መንገድና የፍጥነት መንገድ ስም ይጋራሉ እንጂ ጠባያቸው የተለያየ ነው። አሮጌው መንገድ ለሚያልፈውም ለሚኖርበትም ነው። መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም በባልዲ ይዛ የምትቆመው ሴት፣ ዝዋይ ላይ ዓሣ የሚጠብሰው ወጣት፣ አርሲ ነጌሌ ላይ ሻይ የምታፈላው እናት ሁሉ ከመንገዱ ይበላሉ። የፍጥነት መንገድ ግን አጥር አለው፤ መግቢያው በቁጥር ነው፤ ለመግባትም ይከፈልበታል። እግረኛ፣ ጋሪና ባጃጅ አይገቡበትም። ይህ ጥፋት ሆኖ አይደለም፤ መኪና በዚያ ፍጥነት የሚሄድበት ቦታ እንዲያ ካልሆነ ሰው ይፈጃል። ነገር ግን በመኪናው ውስጥ ላለ ሰው መንገድ የሆነው ነገር፣ አጠገቡ ለሚኖር ሰው ግንብ ነው። ጎረቤትን ከጎረቤት፣ ከብትን ከውኃ፣ ሬሳን ከመቃብር የሚለይ ግንብ። ግንብ ሲታጠር ደግሞ "ግንቡ በየት በኩል ይለፍ?" ብሎ መጠየቅ የነዋሪው መብት ነው።

መሥመር ከተማ እንደሚወልድና ከተማ እንደሚያደኸይ ለማወቅ የሩቅ አገር ታሪክ ማገላበጥ አያስፈልገንም። የፈረንሳዮቹ ባቡር ከጅቡቲ ሲነሣ ሊደርስባት የታሰበችው ሐረር ነበረች። ሐረር ግን ከፍታ ላይ ናት፤ ሐዲዱን አቀበት ማውጣት ብዙ ገንዘብ ጠየቀ። ተሰላና ከተራራው ግርጌ፣ ሜዳው ላይ እንዲቆም ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" የተባለች ከተማ ተወለደች፤ የዛሬዋ ድሬዳዋ። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የጥንቷ የንግድ ከተማ ሐረር ከመሥመሩ ውጭ ቀርታ ገበያዋን ለታናሽ እኅቷ አስረክባ ነበር። ድሬዳዋ መወለዷ የሚያስቆጭ አይደለም። ይሁን እንጂ ያን ቀን የሐረርን ነጋዴ ማን ጠየቀው? የተቆጠረው የአቀበቱ ዋጋ ብቻ ነበር። ያ ዘመን ግን የኮንሴሲዮን ዘመን ነው፤ ዛሬ ሕገ መንግሥት አለን እንላለን።

ታዲያ ዛሬስ መሥመሩን የሚሥለው ማነው? "መሐንዲሱ" ይሉናል። እኔ ደግሞ ካሣው ነው እላለሁ። እንዴት ቢሉ፣ ጥናቱን የሚሠራው አማካሪ ሁለት ሦስት አማራጭ መሥመሮችን ይይዝና በሠንጠረዥ ያወዳድራቸዋል። የሚቆረጠው ኮረብታ፣ የሚሞላው ገደል፣ የሚሠራው ድልድይ፣ የመንገዱ ቁልቁለትና ኩርባ፣ ከቦታው የሚነሣው ንብረት ዋጋ ይደመራል። ዝቅተኛው ድምር ያሸንፋል። ኮረብታ ውድ ነው፤ ገደልም ውድ ነው። ርካሹ ምንድን ነው? ሜዳ ላይ ያለ የገበሬ ማሳ! የገበሬው ንብረት ግምት ዝቅ ባለ ቁጥር መሥመሩ ወደ እሱ ይሳባል፤ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ እንደሚወርድ ሁሉ። ያልተቆጠረ ነገር በሠንጠረዡ ላይ ዜሮ ነው፤ መሥመሩም ዜሮውን እየተከተለ ይሄዳል።

ሕጉ አልተሻሻለም ማለቴ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ከመሬቱ ለሚነሣ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢውን አሥር እጥፍ ይሰጥ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ከቅርብ ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ ወስዶ በአሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ፤ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥንም ከካሣ ቆጠረ። ይህ ደግ ነው። በ2016 ዓ.ም. የመጣው ማሻሻያ ግን የካሣውን ዕዳ ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች አዞረው። እስቲ ልብ በሉ! መንገዱን የሚያቅደው ሌላ፣ ካሣውን የሚከፍለው ሌላ ሆነ ማለት ነው። በሰው ኪስ ድግስ የሚደግስ ሰው በሬ መምረጥ ያውቅበታል እንጂ ዋጋ አይጠይቅም።

አሁን ከሐዋሳ ወደ ደቡብ እንውረድ። ዲላን አልፎ እስከ ይርጋ ጨፌና ከዚያም ወዲያ ያለው የጌዴኦ አገር ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር እንሰት፣ በእንሰቱ ጥላ ቡና። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ "የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር" ብሎ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከመኪና መስኮት ለሚያይ ሰው ጫካ ይመስላል፤ ጫካ ግን አይደለም፤ ጓሮ ነው። እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት አለው። ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረ ነውና "ባዶ መሬት" የሚባል ነገር አይገኝም። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል፤ ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ሁለቱን የሚያጠላው ዛፍ ደግሞ የአባት ተክል ነው። የዓመት ገቢ በአሥራ አምስት ሲባዛ የአባት ጥላ ዛፍ የት ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል? ያም ብቻ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ እንደነበር አንርሳ። ወሰን የሚባል ነገር እንዲህ በቆሰለበት አገር መሥመር ማስመር የመሐንዲስ ሥራ ብቻ ሊሆን አይችልም።

በዚያው አገር ከአንድ አዛውንት ገበሬ ጋር ቡና ይዘን ስንጫወት፣ "አባቴ፣ በዚህ በኩል ትልቅ የመኪና መንገድ ቢመጣ ደስ ይልዎታል?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"ለምን አይለኝም ልጄ? ቡናዬ ቶሎ ገበያ ይደርስልኛል" አሉኝ። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ ግን፣ "እንግዳ ሲመጣ በር ያንኳኳል። ይኼ የምትለው መንገድስ ያንኳኳል ወይስ አጥር ጥሶ ነው የሚገባው?" ሲሉ ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም። የባሰው ደግሞ ቡናቸው ቶሎ ገበያ ይደርሳል የሚለው ተስፋቸውም እርግጠኛ አለመሆኑ ነው። የፍጥነት መንገድ መግቢያ በሩ ከደጃቸው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢርቅ፣ ያ መንገድ ለእሳቸው ከአጥሩ ማዶ የሚሰማ የመኪና ድምፅ ብቻ ይሆናል።

ከጌዴኦ አልፈን ቦረና እንግባ። ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ ዱብሉቅ አለች። እዚያ ቱላ ከሚባሉት ጥልቅ የቦረና የውኃ ጉድጓዶች መካከል የሚቆጠሩ ኤላዎች አሉ። ጎልማሶች ከጉድጓዱ ወለል እስከ አፉ ተደርድረው እየዘፈኑ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። የማን ከብት በየትኛው ቀን ተራው እንደሆነ የሚከታተል "አባ ሄሬጋ" የሚባል ኃላፊም አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናብ በተከታታይ ሲቀር ያ አገር ከብቱን እንዴት እንዳጣ ሁላችንም በዜና ሰምተናል። በድርቅ ጊዜ ከብት የሚተርፈው በመንቀሳቀስ ነው። አሁን በግጦሹና በኤላው መካከል አጥር ይቁም። ከብቱ በየት ይሻገራል? ላም ታርጋ የላትም፤ በማሳለጫ ዞራ አትመጣም። የወል ግጦሽ ደግሞ የእገሌ ዓመታዊ ገቢ ተብሎ በቀላሉ አይጻፍም። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ ዜሮ ነው። ስለዚህ መሥመሩ ይወደዋል።

"ሕዝብ ይመከራል እኮ" የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሕጉማ ያዝዛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን እንዲሰጡ መጠየቅ መብታቸው እንደሆነ ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ የጥናቱ ዘገባ ለሕዝብ ተገልጦ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዝዛል። አበዳሪዎቹም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ጥያቄው ምክክር አለ ወይስ የለም አይደለም፤ መቼ ነው የሚለው ነው። መሥመሩ ተመርጦ፣ ብድሩ ተፈርሞ፣ ቀይ ቀለም በየግድግዳው ከተቀባ በኋላ ገበሬውን ሰብስቦ ስለ ካሣ ማናገር ምክክር አይባልም፤ መርዶ ነው። እሱም ያኔ ቢጮህ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ተብሎ ይተረትበታል እንጂ የሚሰማው አያገኝም።

ሁለት ጠንካራ መከራከሪያዎች አሉ፤ ሳልመልስ ባልፋቸው ደግ አይሆንም።

የመጀመሪያው "አማራጮቹን አስቀድመን ብናወጣ ደላላ ይገባበታል፤ በአንድ ሌሊት የጨረቃ ቤት ተሠርቶ ካሣ ይጠየቅበታል" የሚለው ነው። እውነት አለው። ይሁን እንጂ ምሥጢሩ ከማን ነው የሚጠበቀው? ቢሮ ውስጥ ዘመድ ያለውና ከባለጉዳይ ጋር ማኪያቶ የሚጠጣው ደላላ የመንገዱን አቅጣጫ ለማወቅ ጋዜጣ አይጠብቅም። የማያውቀው ገበሬው ብቻ ነው። መድኃኒቱ መደበቅ ሳይሆን ቀን መቁረጥ ነው፤ ንብረት ተቆጥሮ የሚዘጋበትን ቀን በይፋ ማወጅ፣ ከዚያ ወዲህ ለተሠራው ካሣ እንደሌለ ማሳወቅ። የዓለም ባንክን የመሰሉ አበዳሪዎች በደንባቸው የሚጠይቁትም ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው "ክርክር ሥራ ያጓትታል" የሚለው ነው። ለመሆኑ አሁን ሥራው እየተጓተተ ያለው በምንድን ነው? የመንገድ ፕሮጀክት ለምን ዘገየ ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር የሚሰጠውን መልስ ሕፃን ልጅ እንኳ በቃሉ ይዞታል፤ "በወሰን ማስከበር ችግር"። እስቲ ይህችን ሐረግ ቆም ብለን እናዳምጣት። የማን ወሰን ነው የሚከበረው? ገበሬው በአባቱ ወሰን ውስጥ ቆሟል፤ ወሰን የሚያስከብረው ግን ትናንት የመጣው ማሽን ነው! ቢጋሩ ኖሮ በካርታ ላይ በአንድ ወር የሚያልቀው ጉዳይ፣ ሳይጋሩ በመቅረታቸው መሬት ላይ ዓመታት ይፈጃል፤ ማሽኑ ሲቆም ደግሞ የብድሩ ወለድ አይቆምም። ወረቀት ላይ መሥመር ለማዛወር የሚያስፈልገው ላጲስ ነው፤ መሬት ላይ ለማዛወር ግን ድልድይ ማፍረስ ይጠይቃል።

እንግዲህ የምለው አጭር ነው። ከሐዋሳ በታች አንድም ችካል ሳይተከል በፊት አማራጭ መሥመሮቹ ሁሉ ከነዋጋቸው ይታተሙ። ከአማራጮቹም አንዱ "የፍጥነት መንገድ አያስፈልግም፤ ያለውን አስፋልት እናስፋ፤ ከተሞቹን በማለፊያ መንገድ እንዙር" የሚል ይሁን። ከዲላ በታች አጥር የሚያሳጥር የመኪና ብዛት አለ ወይ ተብሎ ተቆጥሮ ይነገረን። ይህም በሲዳምኛ፣ በጌዴኦኛና በኦሮምኛ በሬዲዮ ይነበብ፤ ገበሬ ድረ ገጽ አይከፍትምና።

ቀጥሎ፣ መሻገሪያዎቹ መሥመሩ ከተሠመረ በኋላ የሚጣፉ እራፊዎች አይሁኑ። ዱብሉቅ ላይ ከብት በየት እንደሚያልፍ ከማንም አማካሪ ይልቅ አባ ሄሬጋው ያውቃል፤ መጀመሪያ እሱ ይጠየቅ። በጌዴኦ አገርም የትኛው ዱካ ወደ ገበያ፣ የትኛው ወደ መቃብር እንደሚወስድ ሽማግሌዎቹ ያሳዩ።

በመጨረሻም፣ መሥመሩን የሚሥለው ክፍል ካሣውን በራሱ የወጪ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ማሽኑ ከመግባቱ በፊትም ይክፈል። ያን ጊዜ የገበሬው ማሳ ርካሽ መሆኑ ይቀራል። መሐንዲሱም ኮረብታውን መለስ ብሎ ማየት ይጀምራል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ የፍጥነት መንገዱ በጌዴኦ ጓሮ ማለፍ የግድ ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ሽማግሌው የሚቀበሉት አንኳኩቶ የገባ እንግዳ ይሆናል። ቡና ያፈሉለት ይሆናል፤ ወይም "ዛሬ አይመቸኝም፣ በማዶ በኩል እለፍ" ይሉት ይሆናል። ይህን የማለት መብት ነው ሕገ መንግሥቱ የሰጣቸው። እኛ ከተሜዎቹ በዚያ መንገድ ላይ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ከመብረራችን በፊት፣ በማን ደጅ እንደምናልፍ ብንጠይቅ ምን ይጎድልብናል?